በቼሳፒክ ቤይ በሸራ ጀልባ ስንጓዝ፦ ሞተር ሲቆም፣ ማዕበል ሲመጣ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጀልባዬን የማቆመው ሜሪላንድ አናፖሊስ አጠገብ ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

ቼሳፒክ ቤይ ባሕር ነው ወይስ ሐይቅ? ያን ያህል ያስፈራል?

ባሕር ነው ብላችሁ ያዙት። ከሰሜንና ከምዕራብ ትልልቅ ወንዞች ይገቡበታል፤ በደቡብ ደግሞ ቨርጂኒያ ላይ ከአትላንቲክ ጋር ይገናኛል። ርዝመቱ 200 ማይል ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ በአማካይ 21 ጫማ፣ ከ6 ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ምን ያሰጋል?" ይላል። የሚያሰጋው ራሱ ይሄ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ንፋስ ሲበረታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱ አልፎ ጀልባዋ ሳትረጋጋ ሌላው ይደርሳል። በየሦስትና አራት ሰከንዱ የሚመጣ የአራት ጫማ ማዕበል 30 ጫማ የምትረዝም ጀልባን እንደ መዶሻ ነው የሚደበድባት። ደግነቱ መጠለያ ሩቅ አይደለም። በሁለቱም ዳርቻ መልሕቅ ጥሎ ማደር የሚቻልባቸው ገባ ያሉ ወንዞች ሞልተዋል።

ዋና አልችልም። መምጣት እችላለሁ?

ይቻላል። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው፣ ዋና ቻለም አልቻለም፣ የሕይወት ጃኬቱን ገና ከመሳፈሪያው ላይ ይለብሳል። ማዕበል ሲመጣ ጃኬት መፈለግ አይታሰብም።

ዋናተኞችንም ቢሆን የማስጠነቅቃቸው ነገር አለ። ኤፕሪል ላይ አየሩ ሞቆ ቲሸርት ያስለብሳል፤ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ የሚይዝለት ጃኬቱ ነው፣ የዋና ችሎታው አይደለም።

የአየር ሁኔታውን የምታየው ከየት ነው? የስልኬ አፕ አይበቃም?

የስልኩ አፕ የሚነግራችሁ ስለ ከተማው ነው። ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ግን ለውሃው ብቻ የተዘጋጀ ትንበያ አለው፤ ቤዩን በክፍል በክፍሉ ለይቶ ነው የሚያወጣው። የእኔ ክፍል ለምሳሌ "ከሳንዲ ፖይንት እስከ ኖርዝ ቢች" ይባላል። ጀልባ ላይ ባለው የቪኤችኤፍ ሬዲዮም የአየር ሁኔታ ቻናሎቹ ቀንና ሌሊት ይናገራሉ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔትወርክ ያጣል፤ ሬዲዮው የጀልባዋን ባትሪ ነው የሚጠቀመው።

ሦስት ቃል ለዩ። "ስሞል ክራፍት አድቫይዘሪ"፣ ማለትም የትንንሽ ጀልባዎች ማሳሰቢያ፣ እዚህ ቤይ ላይ ከ18 ኖት ንፋስ ጀምሮ ይወጣል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.15 ማይል ማለት ነው። "ጌል ዋርኒንግ"፣ የብርቱ ንፋስ ማስጠንቀቂያ፣ ከ34 እስከ 47 ኖት ነው፤ ይህ ከወጣ ከመሳፈሪያው አልነቃነቅም። "ስፔሻል ማሪን ዋርኒንግ" ደግሞ በድንገት ለሚመጣ፣ ለአጭር ጊዜ ለሚቆይ ኃይለኛ ንፋስ የሚወጣ ነው። ይህን ከሰማችሁ ነገሩ የሰዓታት ሳይሆን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የሰመር ነጎድጓድ እየመጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስንት ደቂቃስ አለኝ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሐምሌን ሰማይ ያውቃል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና፣ ከዚያ ዶፍ። የጁላይ ቼሳፒክም እንዲያ ነው፤ የሚለየው ንፋሱ ነው። ሙቀቱ ጠዋቱኑ ከከበደ፣ አየሩ ከጨፈገገ፣ ምዕራቡን አትልቀቁ። ነጎድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ የዋለው የደቡብ ንፋስ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ አየር ፊታችሁን ከነካ፣ ደርሷል።

መብረቁን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ። አምስት ሰከንድ አንድ ማይል ነው። ሠላሳ ከቆጠራችሁ ስድስት ማይል ላይ አለ። በሰዓት 30 ማይል የሚጓዝ ከሆነ 12 ደቂቃ አላችሁ። ያቺ 12 ደቂቃ ደግሞ ቶሎ ነው የምታልቀው።

እኔ በዚያች ጊዜ የማደርገው ይህን ነው። ሸራውን ሙሉ በሙሉ አወርዳለሁ፣ አስራለሁ። መስኮቶችን እዘጋለሁ። ያለሁበትን ቦታ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሁሉም ሰው ጃኬቱን ያጠብቃል፤ ሥራ የሌለው ወደ ታች ይገባል። ሞተሩን አስነሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ውሃ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ አለመኖሩን በዓይኔ አይቼ። "ሸራ ልቀንስ እንዴ?" የሚል ሐሳብ ሽው ካለባችሁ መቀነሻው ያኔውኑ ነው። ቆይቼ ያተረፍኩበት ቀን የለም።

ብልሽትና ማዕበል ለምንድን ነው አብረው የሚመጡት?

ሰው "ዕድሌ ነው" ይላል። ዕድል አይደለም፤ ምክንያት አለው። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ እላለሁ።

የናፍጣ ታንክ ሥር ለዓመታት ዝቃጭ ይጠራቀማል። ታንኩ ውስጥ ትንሽ ውሃ ካለ፣ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር ነገር ይሠራሉ። እንደ ጠላ አተላ ከሥር ይተኛል። ውሃው ጸጥ ባለ ቀን ሞተሩ ከላይ ከላይ ንጹሑን ይጠጣል፤ ምንም አይታወቃችሁም። ማዕበል ጀልባዋን ሲንጣት አተላው ይነሳል። ፊልትሮው ይደፈናል። ሞተሩ ይቆማል። ማለትም የሚቆመው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው፤ ያቆመውም ያው ማዕበል ነው። ወለሉ ሥር የወደቀ ወረቀትና ፀጉር ተንሳፎ የውሃ ማውጫውን ፖምፓ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው። በደንብ ያልታሰረ ባትሪ የሚንሸራተተውም፣ ስፌቱ ያረጀ ሸራ የሚቀደደውም ያን ጊዜ ነው።

በእኔ የደረሰው ቶማስ ፖይንት በሚባለው ለመርከቦች ምልክት የሚሰጥ የመብራት ማማ አጠገብ ነው። ሁለት ሰመር ሙሉ አንዴም አላስቸገረኝም ብዬ የምተማመንበት ሞተር፣ ማዕበሉ ከበረታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቴ አንገራግሮ ጸጥ አለ። ፊልትሮውን ስከፍተው ቡና አተላ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የታንኩን ሥር አሳጥባለሁ፤ ፊልትሮ ሦስት ትርፍ እይዛለሁ። ኢምፔለር፣ ቺንጊያ፣ ፊውዝ፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ሊትር ዘይትና አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ናፍጣ በአንድ ሣጥን ውስጥ አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ድንገት ቆመ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሞተሩን አትንኩ። መጀመሪያ ጀልባዋን አስጠብቁ። ሁሉም ሰው ወደ ሞተሩ ሲሮጥ ጀልባዋ ዝም ብላ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ድልድይ ምሰሶ ትሄዳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያችሁን ቃኙ። ንፋሱ ወዴት እየገፋን ነው? ከፊታችን ምን አለ? ስንት ደቂቃ አለን?

ንፋስ ካለ የፊት ሸራውን ዘርጉ። የሸራ ጀልባ ሞተሯ ቢቆምም መሄጃ አላት፤ ይህ ድንጋጤ ላይ ይረሳል። ንፋሱ ወደ ዳርቻ ከገፋችሁና ሸራው ካልረዳ መልሕቅ ጣሉ። የቤዩ ጥልቀት ትንሽ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ብዙ ቦታ መልሕቁ መሬት ይደርሳል። እኔ መልሕቅን እንደ መኪና ፍሬን ነው የማየው። በአንድ እጅ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚለቀቅ መሆን አለበት። ከአልጋ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ መልሕቅ የለም ማለት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ይለያል፤ ወደ ባልቲሞር የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉበት መስመር። እዚያ መሃል አትቁሙ። እንደምንም ከመስመሩ ውጡ፤ ካልቻላችሁ በሬዲዮው በቻናል 16 ወይም በቻናል 13 ድምፃችሁን አሰሙ። መርከቡ ቢያያችሁ እንኳ በቶሎ መቆም አይችልም።

ሞተሩ አፈላ። ምን ልይ?

ከጀልባዋ ኋላ ጭስ ከሚወጣበት ውሃ አብሮ ይተፋል? የማይተፋ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከውጭ የሚሳበው ውሃ ነው፤ እሱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ከዚያ በቅደም ተከተል። ውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ክፍት ነው? ክፍት ከሆነ ዝጉትና ማጣሪያውን ክፈቱ። ሰመር ላይ ጄሊፊሽ ቤዩን ይሞላል፤ ተስቦ ገብቶ ማጣሪያውን እንደ አጥሚት ይደፍነዋል። የባሕር ሣርና ላስቲክም ይገኛል። ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ኢምፔለሩን አውጡ። ኢምፔለር ውሃውን የሚገፋው የጎማ ክንፍ ነው። ክንፎቹ ከተሰበሩ አዲስ አስገቡ፤ ስብርባሪዎቹንም ፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ገብተው ሌላ ቦታ ይዘጋሉ። የማቀዝቀዣውን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ። የመኪና ራዲያተር ሲፈላ ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ናፍጣው ንፋስ ያዘ ሲባል ምንድን ነው? ራሴ ማስተንፈስ እችላለሁ?

አጎቴ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። ናፍጣው ንፋስ ሲይዝ በረሃ መሃል ቆሞ በእጁ ያስተነፍሳል፤ ጋራዥ አይጠብቅም። የጀልባ ሞተርም ያው ናፍጣ ነው። ፊልትሮ ስትቀይሩ ወይም ታንኩ ሲጎድል መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ባለበት ሞተሩ አይነሳም።

አዲሱን ፊልትሮ በንጹሕ ናፍጣ ሞልታችሁ ግጠሙ። ከላዩ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን በግማሽ ዙር አላሉ። በሞተሩ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ደጋግማችሁ ግፉ። መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋ የሌለው ናፍጣ ይወጣል። ያኔ ብሎኑን አጥብቁ። ካልተነሳ ወደሚቀጥለው ብሎን እለፉ። ይህን ወደብ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ሻይ እየጠጣችሁ ሁለት ጊዜ ተለማመዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሞተሩ ሳይነሳ ሞተሪኖውን ለረጅም ጊዜ የምታስጮሁ ከሆነ የውጭ ውሃ ማስገቢያውን ዝጉ። ሞተሩ ስላልተነሳ ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ጭስ የለም። ውሃው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይሞላና ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የናፍጣ ችግር የነበረው የሞተር ሞት ይሆናል። እንደተነሳ ወዲያው ክፈቱት።

ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ተጠመጠመ። ቢላ ይዤ ልግባ?

ይህ ቤይ የሸርጣን ሀገር ነው። የአጥማጆቹ ወጥመድ ገመድና ተንሳፋፊ ምልክት ከአፕሪል ጀምሮ ውሃው ላይ ተበትኖ ይከርማል። ሞተሩ ድምፁ ሲቀየር ማርሹን ወዲያው ነፃ አድርጉ፤ አጥፉ፤ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ።

ማዕበል ካለ አትግቡ። የጀልባዋ ኋላ ተነስቶ ሲወርድ ጭንቅላት ይፈነክታል። በሸራ ጸጥ ወዳለ ቦታ ሂዱ ወይም መልሕቅ ጥላችሁ ጠብቁ። ሲረጋ ደግሞ አንድ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ላይ ሌላ ሰው እየጠበቀው፣ ጥርስ ባለው ቢላ ይቁረጥ። ሰመር ከሆነ ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ጄሊፊሹ ያቃጥላል። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ ግን ከነጭራሹ አትግቡ። ከጀልባዎችና ከመሳፈሪያው የሚሾልክ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ ሰው ይገድላል፤ በተለይ ውሃው ጨው ከሌለው።

ጭቃ ላይ ተቀመጥን። ምን ይደረጋል?

እዚህ ያልተቀመጠ ሰው አላውቅም። አብዛኛው ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ ጀልባዋን አይጎዳትም። መጀመሪያ ወለሉ ሥር ውሃ አለመግባቱን እዩ። ከዚያ ወደመጣችሁበት ተመለሱ፤ ወደፊት መግፋት የባሰ ይቀብራል። ሰዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሄደው ቢቆሙ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ሥሯም ትንሽ ከፍ ይላል። ያ ትንሽ አንዳንዴ ይበቃል።

የባሕሩን ሙላት እጠብቃለሁ የሚል ሰው አለ። አናፖሊስ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መሃል ያለው ልዩነት አንድ ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ከእሱ ይልቅ ንፋሱን እዩ። ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ንፋስ ውሃውን ከቤዩ ገፍቶ ያወጣዋል። እንዲህ ባለ ቀን ከተቀመጣችሁ ውሃው እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ቶሎ እርዳታ ጥሩ።

ወለሉ ሥር ውሃ አለ። ከየት እንደሚገባ እንዴት አውቃለሁ?

ቅመሱት። ጨው ጨው ካለ ከውጭ ነው። ካላለ ብዙውን ጊዜ የመጠጥ ውሃው ታንክ ወይም ቱቦው ነው፤ እፎይ በሉ።

ከውጭ ከሆነ አንድ ሰው ፖምፑን ይያዝ፣ ሌላው ቀዳዳውን ይፈልግ። ሁለቱን አንድ ሰው አይችለውም። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከታወቁ ቦታዎች አንዱ ላይ ነው፦ ከቫልቭ የተላቀቀ ቱቦ፣ የመጸዳጃ ቤቱ መስመር፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበት ቦታ። ቫልቭ ከሆነ ዝጉት። ቫልቩ ራሱ ከተሰበረ የእንጨት ውታፍ በመዶሻ ይመታበታል። እያንዳንዱ ቫልቭ አጠገብ በልኩ የተሠራ ውታፍ በክር ታስሮ ይንጠልጠል። ውሃው ከጉልበት በላይ ሲደርስ የት እንዳለ መፈለግ አይቻልም። ፖምፑ ካልቻለው ሜይዴይ (የሬዲዮ የድረሱልኝ ጥሪ) ነው፤ አታመንቱ።

መሪው ቢበጠስስ?

ባለ ክብ መሪ ጀልባ ላይ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ካቦው ነው። ለዚህ የተጠባባቂ መሪ እጀታ አላት፤ ወለሉ ላይ ባለች ክዳን ውስጥ ይገባል። ጀልባዋን የገዛችሁ ዕለት ፈልጋችሁ ግጠሙት። የእኔ ስሞክረው ከመቀመጫው ጋር ይጋጭ ነበር፤ መቁረጥ ነበረብኝ። ይህን ማዕበል ላይ ባውቀው ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይዘገንነኛል።

መብረቅ ምሰሶውን ቢመታስ? መከላከያ አለው?

ሙሉ በሙሉ የሚያስጥል ነገር የለም። ሜዳ በመሰለ ውሃ ላይ ረጅሙ ነገር የእናንተ ምሰሶ ነው። የምትችሉት ሰዎቹን ማራቅ ነው። ከመሪው ሰው በቀር ሁሉም ወደ ታች ይግባ። ምሰሶውንም ሆነ ምሰሶውን የያዙትን ሽቦዎች ማንም አይንካ። ሁለት የብረት ነገር በሁለት እጅ አትያዙ። የእጅ ሬዲዮና ትርፍ ስልክ የጀልባዋ ምድጃ ውስጥ ክተቱ፤ የብረት ሣጥን ስለሆነ መሣሪያውን ሊያተርፈው ይችላል። ምድጃውን ደግሞ ረስታችሁ አታብሩ።

ከተመታችሁ መጀመሪያ ሰውን እዩ። የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ ውስጡ አይቀርም፤ መንካት ይቻላል። ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን መጫን ጀምሩ። ቀጥሎ ወለሉን ክፈቱ። መብረቁ ወደ ውሃ ሲወጣ የጀልባዋን ሥር ሊበሳ ይችላልና።

ማዕበሉ እየመጣ ነው። ወደ ወደብ ልሩጥ ወይስ ውሃው ላይ ልቆይ?

መልሱ ሁለት ነገር ላይ ይመሠረታል፦ ስንት ደቂቃ አላችሁ፣ የወደቡስ አፍ ምን ይመስላል? ማዕበሉ ሳይደርስ ገብታችሁ፣ ታስራችሁ ከጨረሳችሁ ግቡ። መግቢያው ላይ ሳላችሁ የሚደርስባችሁ ከሆነ ግን አትሞክሩ። ዶፉ ሲወርድ የጀልባዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም። በሁለት ምልክት መሃል ያለች ጠባብ መስመር ላይ፣ ንፋስ እየገፋችሁ፣ ሌሎች የሚሮጡ ጀልባዎች መሃል መሆን ከባሰው ሁሉ የባሰ ነው።

የሰመር ነጎድጓድ አብዛኛው ከአንድ ሰዓት በታች ያልፋል። ከዳርቻ ራቅ ብላችሁ፣ ሸራ አውርዳችሁ፣ በቀስታ ሞተር አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ ያዙ። ወይም ጥልቀቱ ከፈቀደ መልሕቅ ጥላችሁ ብዙ ገመድ ልቀቁ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ውሃው 10 ጫማ፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃ በላይ 4 ጫማ ቢሆን፣ ድምሩ 14 ነው። ለብርቱ ንፋስ የዚህን ሰባት እጥፍ፣ 98 ጫማ መልቀቅ አለባችሁ። ሰው የውሃውን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ መልሕቁ የሚጎተተውም ለዚህ ነው። ከኋላችሁ ቦታ መኖሩን አይታችሁ ጣሉ።

ማንን ልጥራ? ሜይዴይ የምለው መቼ ነው? ያሳፍራል እኮ።

በሬዲዮ፣ በቻናል 16። ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) ይሰማል፤ ከሁሉ በላይ አጠገባችሁ ያለ ጀልባ ይሰማል። 911 ስትደውሉ የሚሰማችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሰው ሕይወት ወይም ጀልባዋ አሁን አደጋ ላይ ከሆነች ሦስት ጊዜ "ሜይዴይ"። ችግር ቢኖርም ገና አደጋ ካልሆነ ሦስት ጊዜ "ፓን-ፓን"። ቀጥሎ የጀልባዋ ስም፣ ያላችሁበት ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ የሰው ብዛት። ድንጋጤ ላይ እንግሊዝኛው ይጠፋል፤ የኔስ አማርኛውም ጠፍቶኝ ያውቃል። ስለዚህ የሚባለውን ቃል በቃል ጽፌ ሬዲዮው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ልጄም ማንበብ ትችላለች። ሬዲዮው ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍም አሳይቻታለሁ፤ ተመዝግቦ ከጂፒኤስ ጋር ከተገናኘ ያላችሁበትን ቦታ ራሱ ይልካል።

ስለማፈር ለሚጠይቀኝ ሰው የማስታውሰው ማርች 26፣ 2024ን ነው። ዳሊ የተባለችው ግዙፍ መርከብ ከባልቲሞር ስትወጣ ሌሊት ኃይሏ ጠፋ፤ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ገጭታ ጣለች። ድልድዩ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ግን ከመርከቧ በወጣው ጥሪ ምክንያት ፖሊስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መኪና ወደ ድልድዩ እንዳይገባ አገደ። የዳኑት ሰዎች የዳኑት ጥሪው ቶሎ በመውጣቱ ነው። እነዚያ የተማሩ፣ የተፈተኑ መርከበኞች ጠሩ። እኛ ለምን እናፍራለን?

ጎታች ጀልባ መጣ። ገመዱን ከመቀበሌ በፊት የማጣራው ነገር አለ?

አለ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ ኮስት ጋርድ አይጎትትም፤ የግል ጎታች ይጠራላችኋል። ክፍያው በሰዓት መቶዎች ዶላር ነው። የአባልነት ካርድ በዓመት ከዚያ በጣም ያነሰ ያስከፍላል፤ እንደ መኪና የመንገድ ዳር እርዳታ ማለት ነው።

ገመዱን ሳትቀበሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ መጎተት ነው ወይስ ሳልቬጅ? መጎተት በሰዓት ነው የሚከፈለው። ሳልቬጅ፣ ማለትም ጀልባን ከጥፋት ማትረፍ፣ በባሕር ሕግ ሌላ ነገር ነው፤ ከጀልባዋ ዋጋ ድርሻ ሊጠየቅበት ይችላል። ዋጋውን ቢቻል በጽሑፍ፣ ካልሆነ በምስክር ፊት ተስማሙ። ሰው እየሰጠመ ከሆነ ግን ስለ ብር አታውሩ፤ ገመዱን ያዙ።

ሀሪኬን እየመጣ ነው ተባለ። ጀልባዬን ለመጠበቅ እዚያው ልደር?

አትደሩ። ስለ ጀልባ የምሰጠው ምክር ሁሉ ሊለያይ ይችላል፤ ይሄ አይለያይም። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ትንበያውም ቀናት አስቀድሞ ይወጣል። ቢቻል ጀልባዋን ከውሃ አስወጡ። ካልተቻለ ሸራዎቹን ሁሉ አውልቁ፤ የተጠቀለለ ሸራ ንፋስ ከፈታው ጀልባዋን ይዟት ይሄዳል። ገመዱን እጥፍ አድርጉ፤ ከብረት ጋር በሚፋቅበት ቦታ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቱቦ አልብሱት።

ገመዱን ስታስሩ ውሃው ከፍ እንደሚል አስቡ። ሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የተባለችው ሀሪኬን ስትመጣ ማዕከሏ ከቤዩ በስተምዕራብ አለፈ። ንፋሱ ውሃውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ገፍቶ አናፖሊስ መሃል ከተማ አስገባው። እዚያና ባልቲሞር ላይ የ1933ቱን የውሃ ከፍታ ክብረወሰን የሰበረ ሙላት ነበር። እንዲህ ባለ ሙላት መሳፈሪያው ከውሃ በታች ይሆናል፤ በአጭሩ የታሰረች ጀልባ ገመዷን ትበጥሳለች ወይም የታሰረችበት ምሰሶ ላይ ትሰካለች። ረጅም ገመድ፣ ከፍ ብሎ የታሰረ። ከዚያ ወደ ቤት።

እሁድ ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ሰኞ ሥራ አለብኝ፣ ጀልባዋ ሴንት ማይክልስ ናት። በጀልባዋ ልመለስ?

እኔ ጀልባዋን ትቼ እሄዳለሁ። ሴንት ማይክልስ ከቤዩ በስተምሥራቅ ናት፤ አናፖሊስ ለመድረስ ቤዩን ማቋረጥ ግድ ነው። በመኪና ግን ቤዩን የሚሻገረውን ድልድይ አልፎ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ መንገድ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ይሄው ገጠመኝ። አራት ሰው ነበርን፤ አንዷ ባሕር ያማታል። ማሪናው ውስጥ ለሳምንት አስያዝኩ። የባለቤቴ ወንድም መኪና ይዞ መጣ፤ አድርሶም "ለዚህ ነው ጀልባ የገዛኸው?" እያለ ሲያሾፍብኝ አመሸ። ሰኞ ሥራ ገባሁ።

ጀልባዋን ትታችሁ ስትሄዱ የውጭ ውሃ ቫልቮቹን ዝጉ፤ ኮክፒቱን፣ ማለትም መሪው ያለበትን ክፍት ቦታ፣ የሚያደርቁትን ግን ክፍት ተዉ። የፖምፑ ማብሪያ ራሱ በራሱ የሚሠራበት ላይ መሆኑን፣ ባትሪውም ቻርጅ ላይ መሆኑን እዩ። ለማሪናው ሠራተኛ ስልካችሁን ስጡ። እኔ ቅዳሜ ስመለስ አንዱ ገመድ ግማሹ ተፍቆ ነበር፤ ሁለተኛው ይዟታል።